ሞላላ ሆነው የወጡት ቀለበቶች፦ የአንድ ቀለበት መዳመጫ ጉዳይ ጥናት

## ነገሩ የታወቀበት ዕለት

ደንበኛው የደወለልን እኛ ከዳመጥንለት ትልልቅ የብረት ቀለበቶች ስድስተኛውን ቋሚው ቶርኖ (ቀለበቱን አጋድሞ እያዞረ የሚልጥ ማሽን) ላይ በጫነበት ዕለት ነው። «ጥቁር ቀርቷል» አለን፤ ሌላ አልጨመረም። ሄደን አየነው። ስለቱ የቀለበቱን ውጫዊ ፊት እየላጠ ሲሄድ ድምፁ ወጥ አልነበረም። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ፍቅፍቅታው ድንገት ጸጥ ይልና ፍቅፋቂ መውጣቱን ያቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጀምራል። ማሽኑ ሲቆም ከሚያብረቀርቀው ብረት መካከል፣ በሁለት ትይዩ ቦታዎች፣ ስለቱ ጭራሽ ያልነካው ክንድ የሚያህል የምድጃ ቅርፊት (ብረቱ ሲሞቅ ፊቱ ላይ የሚፈጠረው ጥቁር ልባስ) ቀርቷል።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ቀለበትና አብረውት የተሠሩትን ታሪክ ይመዘግባል። የሰውም ሆነ የድርጅት ስም አልተጠቀሰም። ጉዳዩ መመዝገብ አለበት ያልነው በመፍትሔው ምክንያት ብቻ አይደለም፤ መፍትሔው ሲደረስበት ቀላል ነበር። የተሳሳትንበት መንገድ ግን ረጅም ነው። ያንን ጥቁር ቅርፊት ያመጣነውም ራሳችን ነን፤ ያውም ችግሩን ለማስተካከል ስንሞክር።

## ቀለበት እንዴት ይዳመጣል

ስፌት የሌለው ቀለበት ማለት ከዘንግ ተጠቅልሎ ያልተበየደ፣ ከአንድ ጉማጅ ብረት ወጥ ሆኖ የተሠራ ቀለበት ነው። ክሬንና ኤክስካቫተር ወገባቸውን የሚያዞሩባቸው ትልልቅ ኩሽኔታዎች፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ማማዎች የሚጋጠሙባቸው ፍላንጆች፣ የጄት ሞተር ክፍሎች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ብየዳ ስለሌለበት ደካማ መስመር የለውም፤ የብረቱ ክርም ዙሪያውን ተከትሎ ይተኛል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው አልፍሬድ ክሩፕ በ1850ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ስፌት የሌለው የባቡር ጎማ ቀለበት ሠርቶ ሀብት አካብቶበታል። የድርጅቱ ምልክት የሆኑት ሦስት የተደራረቡ ቀለበቶችም የእነዚያ ጎማዎች ምስል ናቸው።

ሥራው በሦስት ጣቢያዎች ያልፋል፦ ምድጃ፣ ፕሬስ፣ መዳመጫ። ጉማጁ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሞቃል። ፕሬሱ ከላይ ጨፍልቆ እንደ አጭር ከበሮ ያደርገውና መሐሉን በመብሻ ይበሳዋል። ከዚህ የሚወጣውን ግድግዳው ወፍራም፣ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ቁራጭ እዚህ «ጥሬ ቀለበት» እለዋለሁ።

መዳመጫው ላይ ጥሬው ቀለበት በሁለት ሮለሮች መካከል ይያዛል። ከውጭ በሞተር የሚሽከረከረው ዋናው ሮለር አለ፤ ከውስጥ ደግሞ በቀዳዳው ያለፈው፣ ሞተር የሌለው ማንድሬል። ማንድሬሉ ወደ ዋናው ሮለር ሲጠጋ ግድግዳው ይሳሳል። ብረቱ የትም አይሄድምና ከውፍረት የተቀነሰው ወደ ዙሪያ ርዝመት ይለወጣል፤ ቀለበቱ እየሰፋ ይሄዳል። ትይዩ በሆነው ጎን ሁለት ሾጣጣ ሮለሮች ከላይና ከታች ሆነው ቁመቱን ይይዛሉ፤ ሾጣጣ የሆኑት የቀለበቱ ውጫዊ ጠርዝ ከውስጠኛው ይልቅ ፈጥኖ ስለሚሄድ ነው። ቀለበቱ በሰፋ ቁጥር እነሱም ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። ግራና ቀኝ የቆሙት መሐል ጠባቂ ክንዶች ቀለበቱ እንዳይዋልል ያቅፉታል፤ ሌዘር ደግሞ ዲያሜትሩን እየለካ ለኮምፒውተሩ ይነግራል።

## ትዕዛዙና ከትዕዛዙ በፊት የተለወጡት ሁለት ነገሮች

የታዘዝነው ለትልቅ መዞሪያ ኩሽኔታ የሚሆኑ 11 ቀለበቶች ነበር። ብረቱ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ያለበት፣ ካርበኑ 0.42 በመቶ አካባቢ የሆነ ቅይጥ አረብ ብረት ነው። ሲቀዘቅዙ የውጭ ዲያሜትራቸው 2400፣ የውስጥ ዲያሜትራቸው 2120፣ ቁመታቸው 180 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይፈለጋል፤ እያንዳንዱ 1400 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ደንበኛው ውጩን ወደ 2388፣ ውስጡን ወደ 2132 ስለሚልጠው በየጎኑ ያለው ትርፍ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በረጅሙና በአጭሩ ዲያሜትር መካከል ያለው ልዩነት ከ8 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ በንድፉ ላይ ተጽፏል። ከዚህ በኋላ «ሞላላነት» የምለው ይህንን ልዩነት ነው።

ተመሳሳይ ቀለበቶችን ከዚህ በፊት ያለ ችግር ሠርተናል። በዚህኛው ጊዜ ሁለት ነገሮች ተለውጠው ነበር። አንደኛው፣ መዳመጫው ከአንድ ወር በፊት ከፍተኛ ጥገና ተደርጎለታል፤ ክንዶቹ ተፈትተው ተገጥመዋል፣ የመቆጣጠሪያው ፕሮግራምም ታድሷል። ሁለተኛው፣ ጉማጆቹ ይቆረጡበት የነበረው 500 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ብረት ከመጋዘን ስላለቀ በ600 ተተክቷል። ክብደቱን ለመጠበቅ ርዝመቱ ከ950 ወደ 660 ሚሊ ሜትር አጠረ። የመጀመሪያውን ለውጥ ያላወቀ አልነበረም፤ ወር ሙሉ የተወራው እሱ ነው። ሁለተኛውን የሚያውቁት የመጋዘኑ ሰውና የመጋዙ ኦፕሬተር ብቻ ናቸው። ሚዛን ላይ የሚወጣው ቁጥር 1465 ኪሎ ግራም ሆኖ ስለቀጠለ ማንም እንደ ለውጥ አልቆጠረውም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀለበቶች ሲቀዘቅዙ ሞላላነታቸው 15፣ 19 እና 17 ሚሊ ሜትር ሆነ።

## መጀመሪያ የሄድንበት መንገድ

ጣት ሁሉ ወደ ክንዶቹ ተቀሰረ። አዲስ የተነካው እሱ ነው፤ ክብነትን የሚጠብቀውም እሱ ነው። የጥገና ክፍሉ ክንዶቹን ከፍቶ ቦኮላዎቹ (ክንዶቹ የሚዞሩባቸው የመገጣጠሚያ እጅጌዎች) ላይ መላወሻ አገኘ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። አሁን ሳስበው፣ ባረጀ ማሽን ላይ የላላ ነገር ፈልጎ ማግኘት ምንም ብልኀት አይጠይቅም፤ የትኛውንም ሽፋን ብንከፍት አንድ ነገር እናገኝ ነበር። ቦኮላዎቹን ለመቀየር አራት ቀን ፈጀ። አራተኛውና አምስተኛው ቀለበት 18 እና 16 ሆነው ወጡ።

በዚህ ጊዜ አንዳችን (ጸሐፊው ነኝ) «ክንዶቹ ጠበቅ አድርገው ቢይዙትስ?» ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። የሃይድሮሊክ ግፊታቸውን በ30 በመቶ አሳደግነው። ስድስተኛው ቀለበት 27 ሚሊ ሜትር ሞላላ ሆነ። መግቢያው ላይ የተረኩት እሱን ነው፤ አጭሩ ዲያሜትሩ 2386.5 ሚሊ ሜትር ስለነበረ ስለቱ 2388 ላይ ሲቆም የሚነካው ብረት አላገኘም።

ለምን እንደባሰ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አላስፈለገም፤ ማሰብ የነበረብን ግን ከማድረጋችን በፊት ነው። 900 ዲግሪ ላይ ያለ ብረት ለስላሳ ነው። ቀለበቱ እየሰፋ ሲሄድ ግድግዳው ከዲያሜትሩ አንጻር ቀጭን ይሆናል፤ ከግራና ከቀኝ በኃይል የሚጫን ክንድ እንደ ቅስት ያጎብጠዋል። ክንዱ የተሠራው ቀለበቱን ለማጀብ ነው። ቅርጽ የሚሰጡት ሮለሮቹ ናቸው።

ሌላው ጥርጣሬ መቀዝቀዣው ወለል ነበር። አንዳንዱ ሰው ቀለበቶቹ በበሩ አጠገብ ስለሚተኙ አንዱ ጎን ቀድሞ ቀዝቅዞ ያጣምማቸዋል አለ። ይህንን በወረቀት ላይ መዘንነው። የ2400 ሚሊ ሜትር ቀለበት ከ900 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ በ1.2 በመቶ አካባቢ፣ ማለትም 29 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ለዚህም ነው መዳመጫው ላይ የምናቆመው 2429 ሲደርስ ነው። የ50 ዲግሪ ልዩነት ግን ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ለውጥ ነው የሚያመጣው። 17 ሚሊ ሜትርን አይገልጽም። ወለሉን ሳንነካው አለፍን፤ በዚህ ጉዳይ ላይ በጊዜው በትክክል ያደረግነው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ከዚያ ወደ ማክበቢያ ዙሮች ሄድን። አንድ ቀለበት የታሰበው መጠን ላይ ሊደርስ ሲል ማንድሬሉ መጠጋቱን ያቆምና ቀለበቱ ሳይሳሳ ጥቂት ዙር ይዞራል፤ በእነዚህ ዙሮች ቅርጹ ይስተካከላል። ከዕድሳቱ በኋላ ፕሮግራሙ ይህንን በሁለት ዙር ነበር የሚጨርሰው። ወደ ስምንት አሳደግነው። የቀለበቱ ዙሪያ 7.6 ሜትር ስለሆነና ዋናው ሮለር በሴኮንድ 1.2 ሜትር ያህል ስለሚነዳው አንዱ ዙር ከ6 ሴኮንድ በላይ ይወስዳል። ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀለበት 12 እና 11 ሆኑ። መሻሻል ነው፤ ግን ከ8 በላይ ነው፤ ቀለበቱም በዚያ ሁሉ ጊዜ እየቀዘቀዘ ሮለሮቹ ላይ ያለው ኃይል ከፍ ማለት ጀመረ። ከዚህ በላይ ዙር መጨመር አይቻልም ነበር።

## ስክሪኑ ያልነገረን

ነገሩን የቀየረው ከሁላችንም የሥራ ልምዱ የሚያንሰው የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ሰባተኛው ቀለበት ሲቀዘቅዝ ዲያሜትሩን ከለካ በኋላ ካሊፐር ይዞ የግድግዳውን ውፍረት በዐሥራ ሁለት ቦታ ለካ። አንዱ ጎን 138፣ ትይዩው 142 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ በመካከላቸው ያሉት ቁጥሮች ደግሞ በሥርዓት ከፍ እያሉና ዝቅ እያሉ ይሄዳሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ውፍረት የለካ አልነበረም። ችግሩ ሞላላነት ነው ተብሏል፤ ሞላላነት ደግሞ በዲያሜትር ይለካል።

ከዚያ ወደ መዳመጫው መቆጣጠሪያ ክፍል ሄደና ኦፕሬተሩን ጠየቀው። «ጋሼ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው 2429 የአንድ ቅጽበት ልኬት ነው?» ኦፕሬተሩ አያውቅም ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር። መመሪያውን ስናይ ቁጥሩ የአንድ ሙሉ ዙር አማካይ ነው። ሞላላ ቀለበትም ክብ ቀለበትም አማካያቸው 2429 ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ስድስተኛውን ቀለበት ሳይቀር «ትክክል» ሲል የነበረው ለዚህ ነው።

ኮምፒውተሩ ግን ጥሬውን ልኬት ይመዘግብ ኖሯል። የአምስተኛውን ቀለበት መዝገብ አውጥተን በግራፍ አየነው። ሁለት ነገሮች ተገለጡ።

የመጨረሻው ዙር ላይ ዲያሜትሩ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በከፍታውና በዝቅታው መካከል 17 ሚሊ ሜትር አለ። ቀለበቱ ቀዝቅዞ የተለካው 16 ነው። ስለዚህ ቀለበቱ ሞላላ የሆነው ገና ትኩስ ሳለ መዳመጫው ላይ ነው፤ ወለሉን በወረቀት ነጻ ያወጣነው አሁን በልኬትም ተረጋገጠ።

ሁለተኛው ግን ዋናው ነበር። ማንድሬሉ የሚገፋበት ኃይል በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ከፍና ዝቅ ይላል። በአንድ ዙር አንድ ሞገድ ማለት አንድ ወፍራም ጎንና አንድ ቀጭን ጎን ማለት ነው፤ ወፍራሙ በሮለሮቹ መካከል ባለፈ ቁጥር ማንድሬሉ ይቸገራል። ያ ሞገድ የሚጀምረው ደግሞ ማንድሬሉ ብረቱን ከነካበት ከመጀመሪያው ዙር ነው። ከፍተኛ የሚሆነውም ያኔ ነው፤ ሥራው እየቀጠለ ሲሄድ እየደከመ ይመጣል። ክንዶቹ ያመጡት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ላይ ባልታየ ነበር። ቀለበቱ ከነጉድለቱ ነው መዳመጫው ላይ የወጣው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስረዳት አያስቸግርም። ወፍራሙ ጎን በክፍተቱ ሲያልፍ ከቀጭኑ ይልቅ ይጨመቃል፤ ስለዚህም ይበልጥ ይረዝማል። ቀለበቱ በአንድ ወጥ ፍጥነት አይሰፋም፤ መሐሉ ይዋልላል፤ ክንዶቹ እየተከተሉ ይገፉታል። ማክበቢያ ዙሮች ቅርጹን በከፊል ያድኑታል፤ ማንድሬሉ ስለማይጠጋ ግን የውፍረቱን ልዩነት አይነኩትም። ስምንት ዙር አዙረን 12 እና 11 ላይ ተገትረን የቀረነው በዚህ ምክንያት ነው።

## ሳይዳመጥ የቀረው ጥሬ ቀለበት

ግምታችንን ለማረጋገጥ ዘጠነኛውን ከፕሬሱ እንደወጣ አስቀረነው። ይህ ዓይነት ብረት ፈጥኖ ከቀዘቀዘ ሊሰነጠቅ ስለሚችል በሙቀት መከላከያ ሸፍነን ሁለት ቀን አቆየነው። የፕሬሱ ኦፕሬተር ከመሸፈኑ በፊት አንድ ነገር አደረገ፤ ጉማጁ ምድጃ ውስጥ ሳለ ወደ በሩ ዞሮ የነበረውን ጎን በትኩሱ በመሮ ምልክት አደረገበት። ማንም አላዘዘውም።

ሲቀዘቅዝ ለካነው። ግድግዳው በምልክቱ በኩል 365፣ በትይዩው 343 ሚሊ ሜትር ነው። ቀዳዳው ከመሐል 11 ሚሊ ሜትር ወጥቷል። ወደ ወጣበት አቅጣጫ ስንመለከት በምድጃው ውስጥ ነበልባሉ የሚመጣበት ጎን ነው።

ለፕሬሱ ኦፕሬተር ስንነግረው አልደነቀውም። «መብሻው ሁልጊዜ ወደ ለስላሳው ያዘነብላል» አለ። ይህን የሚያውቀው ከብዙ ዓመት ጀምሮ ነው፤ ግን የሞላላ ቀለበት ስብሰባ የሚካሄደው መዳመጫው ጋ ስለነበረ እሱን የጠራው አልነበረም።

ከዚያ ቀዳዳውን በማሽን እየቦረቦርን መሐል ላይ አመጣነው፤ 350 የነበረው ዲያሜትሩ 372 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ 22 ኪሎ ግራም ያህል ብረት ወጣ። የቀለበቱ ግድግዳ በ2 ሚሊ ሜትር እንደሚሳሳ አውቀን ተቀበልነው። እንደገና አሞቅነው። መዳመጫውን ግን ሆን ብለን የመጀመሪያዎቹ ቀለበቶች ወደ ወጡበት መጥፎ ሁኔታ መለስነው፦ የክንዶቹ ግፊት ከመጨመሩ በፊት እንደነበረው፣ ማክበቢያው ሁለት ዙር ብቻ። ሞላላነቱ 6 ሚሊ ሜትር ሆነ። ያው ማሽን፣ ያው ኦፕሬተር፣ ያው ፕሮግራም ነው፤ የተለወጠው ቀዳዳው ብቻ ነው።

## ምድጃው

ቀጣዩ ጉማጅ ከምድጃ ሲወጣ በአራቱም ጎን በእጅ በሚያዝ ፒሮሜትር (ሙቀትን ሳይነካ ከርቀት የሚለካ መሣሪያ) ለካን። የላላው ቅርፊት ከሥሩ ካለው ብረት ይልቅ ቀዝቃዛ ስለሚያሳይ የሚለካው ቦታ ላይ ቅርፊቱን በረጅም መፋቂያ እያነሳን ነው የለካነው። በነበልባሉ በኩል 1210፣ በበሩ በኩል 1130 ዲግሪ ሆነ። ቋሚው ፒሮሜትር የሚያየው ሞቃቱን ጎን ብቻ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ ሁሉም ጉማጆች በትክክል የሞቁ ናቸው።

ይህ ልዩነት በ500ው ጉማጅ ጊዜ ለምን አልታየም? መልሱ የማሞቂያ ሰንጠረዡ ላይ ነበር። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት በክብደት የተዘጋጀ ነው፤ ለ1465 ኪሎ ግራም 6 ሰዓት ይላል። ሙቀት ወደ ወፍራም ብረት ውስጥ የሚገባበት ጊዜ ግን በክብደት አይወሰንም፤ በግምት የውፍረቱን ካሬ ይከተላል። 600 ለ500 ሲካፈል 1.2 ነው፤ ካሬው 1.44። ስድስት ሰዓት የሚበቃው ጉማጅ ሲወፍር ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈልጋል። ምድጃው ወትሮም አንድ ጎኑ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ቀድሞ ግን ጉማጁ ሙቀቱን እኩል ለማከፋፈል የሚበቃ ጊዜ ያገኝ ነበር። ብረቱ ሲወፍር ያ ጊዜ ጠፋ።

ያልተስተካከለው ሙቀት ጉዳቱ ሁለት ነው። ፕሬሱ ሲጨፈልቅ ሞቃቱ ጎን ይበልጥ ይዘረጋል፤ ስለዚህ ጉማጁ መጀመሪያ የተቀመጠበት መሐል የከበሮው መሐል ሆኖ አይቀርም። ከዚያ መብሻው ሲወርድ ወደ ለስላሳው ይንሸራተታል።

## የተደረገው ማስተካከያ

ጉማጁ ከምድጃው ወለል ላይ ተነስቶ ነበልባል በሥሩ እንዲያልፍ ድጋፍ ላይ ቆመ፤ በመሐል አንድ ጊዜ በ180 ዲግሪ ይዞራል፤ ምድጃ ውስጥ ስምንት ሰዓት ተኩል ይቆያል። ሲወጣ በአራት ጎን ይለካል፤ ልዩነቱ ከ30 ዲግሪ ከበለጠ ይመለሳል። ረጅም ጊዜ መቆየቱ ቅርፊት ስለሚያበዛ የጉማጁን ርዝመት በ4 ሚሊ ሜትር ጨመርን፤ 9 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

ፕሬሱ ላይ የተደረገው የኦፕሬተሩ ሐሳብ ነው፤ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። መብሻው በአንድ ጊዜ አይወርድም። መጀመሪያ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ጫን ተደርጎ ምልክት ይተውና ይነሳል። ከምልክቱ ጠርዝ እስከ ውጩ ያለው ርቀት በአራት አቅጣጫ በረጅም ካሊፐር ይታያል። ካልተስተካከለ ከበሮው ይገፋና እንደገና ምልክት ይደረግበታል። መሐል ላይ ሲሆን መብሻው እስከ ታች ድረስ ይወርዳል፤ ቁራጩ ይገለበጥና የቀረው ሥሥ ወለል ከሌላው ጎን ይወጣል። ጠቅላላው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይጨምራል።

መዳመጫው ላይ የክንዶቹ ግፊት ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ ማክበቢያው አራት ዙር ሆነ፤ ስክሪኑም ከአማካዩ ጎን የዙሩን ትልቁንና ትንሹን ዲያሜትር እንዲያሳይ ተደረገ። ከዐሥረኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ያሉት ቀለበቶች ሞላላነት 4፣ 5 እና 4 ሚሊ ሜትር ሆነ። የግድግዳው ልዩነት በሦስቱም ከ1.5 አልበለጠም።

እዚህ ላይ አንድ ድክመት መናገር አለብኝ። ድጋፉን፣ ማዞሩን፣ የማቆያ ጊዜውንና የመብሻውን አሠራር በአንድ ጊዜ ነው የለወጥናቸው። የመላኪያው ቀን አልፎ ነበር፤ አንድ በአንድ ለመሞከር ትዕግሥትም ጉማጅም አልነበረንም። ስለዚህ የትኛው ምን ያህል እንደረዳ መናገር አንችልም። ጉማጁን በመሐል ማዞሩ በሩን ማስከፈትና ሙቀት ማባከን ስላለበት ምናልባት አስፈላጊ ላይሆን ይችላል፤ ግን አሁን ደፍሮ የሚያስቀረው የለም።

## የቀሩት ቀለበቶች ምን ሆኑ

ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ያሉት እንደገና ሞቀው መዳመጫው ላይ ሳይሳሱ ጥቂት ማክበቢያ ዙር ተሰጣቸው። ሞላላነታቸው ወደ 7፣ 8 እና 9 ወረደ፤ የውፍረት ልዩነታቸው ግን እንዳለ ነው። ከ8 በላይ የሆኑትንና 12 እና 11 የወጡትን ሁለቱን ደንበኛው በስምንት ቦታ ትርፋቸውን ለክቶ በጽሑፍ ተቀበላቸው። ደስ ብሎት አልነበረም፤ ቶርኖው ላይ እያንዳንዱን ለማስተካከል የወሰደበትን ተጨማሪ ሰዓት ቆጥሮ ልኮልናል። ስድስተኛው ተቆራርጦ ወደ ማቅለጫ ሄደ። በዚህ ምክንያት ለ11 ቀለበት 12 ጉማጅ ወጣ።

## ለሌላ መዳመጫ ቤት የሚጠቅም

ጉድለት በዙር ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ መቁጠር የመጀመሪያው ሥራ ቢሆን ይሻላል። በዙር አንድ ጊዜ ከሆነ የውፍረት ወይም የሙቀት አንድ ጎን መሆኑን፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ሞላላነትን ይጠቁማል። ከአንድ ሮለር ዙር ጋር የሚገጥም ከሆነ ደግሞ ያ ሮለር ራሱ መመርመር አለበት። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው መዝገብ በአብዛኞቹ ዘመናዊ መቆጣጠሪያዎች ውስጥ ተቀምጦ የሚከፍተው ያጣ ነው። እኛ ስምንት ቀለበት እስክንሠራ ድረስ አልከፈትነውም።

ጉድለቱ ከሥራው በየትኛው ደረጃ እንደሚጀምርም ማየት ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ያለ ነገር ከፕሬስ ወይም ከምድጃ የመጣ ነው፤ እየቆየ የሚጀምር ከሆነ መዳመጫውን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ስለ ሰንጠረዦች ደግሞ፣ የማሞቂያ ሰዓት በክብደት የተጻፈበት ቤት ካለ ዛሬውኑ በውፍረት ይጻፈው። የጉማጅ ዲያሜትር ለውጥ፣ ክብደቱ አንድ ሆኖ ቢቀጥልም፣ የምድጃውን፣ የፕሬሱንና የመዳመጫውን ሰዎች ፊርማ የሚጠይቅ ለውጥ ተደርጎ እንዲመዘገብ እኛ ወስነናል። አንድ ጥሬ ቀለበት አቀዝቅዞ መለካት ከሁሉም ርካሹ ምርመራ ነበር፤ ሁለት ቀንና አንድ ካሊፐር ብቻ ነው የፈለገው። ቦኮላዎቹ አራት ቀን ወስደዋል።

የክንዶቹን ግፊት ስለማሳደግ፦ ቀለበቱ ቀጭን ግድግዳ ባለው መጠን አደጋው ይጨምራል። መጀመሪያ መቀነስን መሞከር ይሻላል።

## ያልተዘጋው

ዘጠነኛው ቀለበት ቀዳዳው በማሽን መሐል ላይ ከመጣ በኋላም 6 ሚሊ ሜትር ሞላላ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ሦስቱም 4 እና 5 ናቸው፤ ከዚያ አልወረዱም። በንድፉ ላይ ያለውን ስለሚያሟሉ ማንም አልጠየቀም። የኃይሉን ግራፍ ሳየው በዙር አንድ ጊዜ ይመላለስ የነበረው ሞገድ ጠፍቷል፤ የቀረው ከቀለበቱ መስፋት ጋር እየቆየ የሚጀምር ትንሽ መንቀጥቀጥ ነው። ራሴ በጻፍኩት መመዘኛ ይህ ከመዳመጫው የመጣ መሆን አለበት፤ ምናልባትም ከክንዶቹ። የጥገና ክፍሉን ኃላፊ እንዲከፍታቸው እስካሁን አልጠየቅሁትም።